እርማት፦ ራሱን የሚያጥፈው ስስ ብረት ሞተር የለውም

ወንድሜ፣ ራሱን በራሱ አጥፎ ወፍ ስለሚሆነው ስስ የብረት ሉህ የጻፍከውን አነበብኩ። «ውስጡ የማይታይ ሞተር አለ፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ተመልሶ ይዘረጋል» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚህ ነው፤ ግን ሁለቱም ልክ አይደሉም።

አሜሪካ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳዩትን እንይ። የማጠፊያው ውፍረት 30 አተም ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ከሱ በብዙ ሺህ እጥፍ ይወፍራል! አንዱ ፊቱ ፕላቲነም ነው፤ ሌላው በታይታኒየም ወይም በኦክሳይዱ (ከኦክስጅን ጋር በተዋሃደ ታይታኒየም) ተሸፍኗል። አሠራሩ የኮምፒውተር ቺፕ ከሚመረትበት መንገድ ጋር ይቀራረባል። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚሠራው።

ታዲያ ምን ያጥፈዋል? ኬሚስትሪ ነው። ሉሁ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ፖዚቲቭ ቮልቴጅ ሲሰጠው ኦክስጅን ወደ ፕላቲነሙ ይሰርጋል። ፕላቲነሙ ያብጣል፣ የወዲያኛው ፊት ግን እንዳለ ነው። በአንድ ጎኑ ብቻ ውሃ የጠጣ ጣውላ ሲጎብጥ አይተህ የለ? በቃ እንደዚያ ነው። ሁሉም ነገር በ100 ሚሊሰከንድ ያልቃል፤ የእጥፋቱ ራዲየስም ከ1 ማይክሮን (ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ያንሳል።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ግን ቀጣዩ ነው። ቮልቴጁ ቢቋረጥም እጥፋቱ አይፈታም። የሰረጉት የኦክስጅን አተሞች ተሰባስበው መውጫውን ይዘጋሉ። ስለዚህ ቅርጹን ለመያዝ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። ባትሪ መሸከም ለማይችል ጥቃቅን ሮቦት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እንዲዘረጋ ከተፈለገ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ይሰጠዋል፤ ያኔ ኦክስጅኑ ይወጣል።