ፎቶዬ ለምን አነሰ?

ጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ከገባህ አንድ ዕዳ አይቀርልህም፤ የተመራቂዎች መጽሔት። ማንም ፈቃድህን አይጠይቅም። ኢንጂነሪንጉም፣ አካውንቲንጉም፣ ነርሲንጉም ዞሮ ዞሮ ጣቱን ወደ አንተ ይቀስራል። «እናንተ ጋዜጠኞች አይደላችሁ እንዴ?» ይልሃል። ምን ትለዋለህ? ነህ።

እኛ ጋ መምህሩ ነገሩን ከገጽ ዲዛይን ኮርስ ጋር አገናኘውና አሳይመንት አደረገው። ገጾቹ ለየቡድኑ ተከፋፈሉ። ከዚያ በፊት ግን ትምህርቱ ነበር፣ በስላይድ፣ ከሚያማምሩ ምሳሌዎች ጋር። ገጹ ላይ አንድ ጎላ ያለ ፎቶ ይኑር፤ ዓይን ከእሱ ይጀምራል። የፊደል ዓይነት ከሁለት አይብለጥ። ነጭ ቦታ አትፍሩ፤ ገጹ ይተንፍስበት። ሁላችንም ጻፍን፣ ተፈተንን፣ ጥሩ ጥሩ ውጤት አመጣን። ከዚያ የጂሲ፣ የተመራቂ ተማሪዎቹ፣ ኮሚቴ መጣ።

መጀመሪያ የሞተው ነጭ ቦታው ነው። «እዚህ ጋ ምን ሊገባ ነው?» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተክሎ። ምንም፣ አልነው። «እንዴት ምንም?» ባዶ እንዲሆን ፈልገን ነው፣ ዲዛይኑ ነው፣ አልነው። «ወረቀቱ እኮ ተከፍሎበታል!» ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። ከሰዓቱ ሳያልቅ ገጹ ላይ የምረቃ ቆብ፣ በሪባን የታሰረ ጥቅል ወረቀት፣ ችቦ፣ ጽጌረዳና ከሥር የደበዘዘ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ገባ። «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለውም በወርቃማ ቀለም፣ ጥላ ተጨምሮለት፣ ትንሽ ጠመም ብሎ ተቀመጠ። ሀበሻ ባዶ ቦታ አይወድም። ሳሎናችንን ማየት ይበቃል።

ጎላ ያለ ፎቶ የሚለው ሕግ ደግሞ «የማን?» የሚለው ጥያቄ ላይ ይሰናከላል። መምህሩ ስሜት ያለውን፣ እንቅስቃሴ ያለውን ምረጡ ብሎ ነበር። እኛ ግን ገጽ ስንሠራ ሠርግ ቤት እንግዳ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነን፤ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ካላወቅህ ዲዛይን ማወቅህ ዋጋ የለውም። ፕሬዚዳንቱ ሙሉ ገጽ። ምክትሎቹም ሙሉ ገጽ፣ ግን ፎቷቸው ከፕሬዚዳንቱ አንድ ጣት ያንሳል። ዲኖች ግማሽ። የሁሉም መልእክት «ውድ ተመራቂዎች» ብሎ ይጀምርና አገርን በታማኝነት ማገልገል ላይ ያልቃል፤ ፎቶዎቹን ብታቀያይራቸው ማንም አይነቃም፣ ባለቤቶቹ ጭምር። አንድ ዲን የላኩልን ፎቶ ፀጉር ነበረው። እሳቸው የላቸውም። «ዶክተር፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶ ይኖርዎት ይሆን?» አለቻቸው የቡድናችን ልጅ፣ በትሕትና፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። «ይሄ ምን ሆነ?» አሉ። ምንም አልሆነም። ገባ።

ቀጥሎ ኮሚቴው ራሱ አለ። ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ስፖንሰር አፈላላጊ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ አባል፤ እያንዳንዳቸው ሩብ ገጽ ከነመፈክራቸው። የተረፈው ሕዝብ በጉርድ ፎቶ መጠን፣ 3 በ4፣ ይደረደራል።

ስልክ መጮህ የሚጀምረው ይኼኔ ነው። «ፎቶዬ ለምን አነሰ?» ኧረ አላነሰም! ሳጥኑ የሁሉም እኩል ነው። ግን አንዱ ከግንባሩ እስከ አገጩ ብቻ ተነሥቶ መጥቷል። ሌላው ስቱዲዮ ገብቶ፣ ጋዋኑን ለብሶ፣ ቆሞ፣ ሙሉ ቁመናውን ነው፤ ከኋላው መጋረጃና የፕላስቲክ አበባ፣ ከታች የሚያብረቀርቅ ጫማ። እኩል ሳጥን ውስጥ ስታስገባቸው ያኛው ፊት ብቻ፣ ይሄኛው ጫማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ባለጫማውን ከደረቱ በላይ ትቆርጠዋለህ። እሱም በዚያው ማታ ዶርምህ ድረስ ይመጣል። «ጫማውን ለምን ቆረጣችሁት?» ፊትህ እንዲታይ ነዋ! «ፊቴንማ ሁሉም ያውቀዋል።» በዚህ ላይ ምን መልስ አለ? ጫማው ለምረቃ ተብሎ የተገዛ ነው፤ ብድሩም ገና ተከፍሎ አላለቀም።

የፎቶ ጥራቱን ባናነሳው ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሙሉ ኤ4 ገጽ የሚሸፍን ፎቶ ተስተካክሎ እንዲታተም 2480 በ3508 ፒክስል ገደማ ይፈልጋል። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን በፎቶነቱ ከላክኸው ይጨምቀዋል። «በፋይል ላኩ» ብለን ለጠፍን፣ ለፈፍን፣ ለመንን። ሕዝቡ በፎቶ ላከ። አንዱ ስክሪንሾት ላከ፣ ከላይ የባትሪው ምልክት ሳይቀር። ሌላዋ የታጠበ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ፎቶ አንሥታ ላከች፤ ጠረጴዛውም አለ፣ የእጇም ጥላ አለ። እንደገና ላኪ ስትላት፣ «ስልኬ ላይ እኮ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው» ትልሃለች። ስልክሽን እናትመው?

ከዚያ የቅደም ተከተል ጦርነት። ፈረንጅ በቤተሰብ ስም ይደረድርና ይገላገላል። እኛ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው። ግን በየትኛው ፊደል? በእንግሊዝኛው ከሆነ አቤልና አበባ ፊት ይሆናሉ፣ ዮናስና ዘሪሁን ጭራ። በሀሁ ከሆነ ሀብታሙና ሄለን ይመራሉ፣ አቤል መሀል ላይ ይወድቃል፣ ፍቅርተ ደግሞ መጨረሻ። ስብሰባው ላይ አቤል የሚባል ልጅ ስለ እንግሊዝኛ ዓለም አቀፋዊነት ያደረገውን ንግግር ብትሰሙ! ሀብታሙ በበኩሉ በዚያች ከሰዓት የአገር ቅርስ ጠባቂ ሆኖ ዋለ፤ ላሊበላንም አክሱምንም ጠራ። ድምፅ ተሰጠና ሀሁ አሸነፈ። ኮምፒውተሩ ግን የሀሁ እና የኀኁ ነገር አልገባውም፤ ሀይሉን አንድ ገጽ ላይ፣ ኃይሉን ሌላ ገጽ ላይ ወረወራቸው። ሁለቱም የአንድ ዶርም ልጆች ናቸው። ጎን ለጎን ካልሆንን ብለው እንደገና ስብሰባ።

ርዕስም የራሱ ጣጣ አለው። ስላይዱ «ርዕስን በትልልቁ ፊደል ጻፉ» ይላል፤ የኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ሀ በርዕስም ሀ ናት፣ በግርጌም ሀ ናት። ስለዚህ ሰው አወፈረ፣ ወጠረ፣ ቀይ ቀባ። የስም ዝርዝሩን የላከልን ቢሮ ደግሞ በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር ተይቦት ኖሮ ስንከፍተው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ መዓት ሆኖ ተዘረገፈ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ወሬው ቢሮው ድረስ አልደረሰም። ስሙን ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና ተየብነው፤ በዚያ መሀል አንዲት ትርንጎ ትርንዶ ሆና ታተመች፣ እስከ ዛሬም የምትጠራው በዚሁ ነው።

ላስት ወርድ በሚባለው የተመራቂ የስንብት ቃል ላይ አልቆይም። 25 ቃል ተፈቀደ። መጀመሪያ ፈጣሪ ይመሰገናል፣ ቀጥሎ እናት፣ ቀጥሎ የዶርም ልጆች በየስማቸው፣ እዚያ ላይ ቦታው ያልቃል። አባት ሁልጊዜ ከቆረጣው በኋላ ነው የሚቀረው። «ራሱን ያውቃል» የሚሉም አሉ። ዛቻ ይሁን ምስጋና ባለቤቱ ይወቀው።

እዚህ ላይ ሁለቱን ፍቅረኞች ልንገራችሁ። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ አብረው ነበሩ። ጎን ለጎን አድርጉን ብለው ለመኑን፤ ሀሁ አይፈቅድም፣ ግን ፍቅር ነው ብለን አደረግን። ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ተጣሉ። «እኔን ከሱ ጋር አንድ ገጽ ላይ ካደረጋችሁኝ ብሬን መልሱልኝ» አለች። እሱም አላነሰም። እሱን ግራ ገጽ፣ የመጨረሻው ግራ ጥግ፤ እሷን ቀኝ ገጽ፣ የመጨረሻው ቀኝ ጥግ። ከዚህ በላይ ማራራቅ አይቻልም። ሁለቱም አይተው ፈረሙ።

መጽሔቱ መጣ፣ ከምረቃው በኋላ መሆኑ ግልጽ ነው። ሁሉም የራሱን ፎቶ ገልጦ አየ፣ ተበሳጨ፣ ዘጋው። ችግሩ መዝጋቱ ላይ ነው። መጽሔት ሲዘጋ የግራው ገጽ ግራ ጥግ ከቀኙ ገጽ ቀኝ ጥግ ጋር ይገጥማል። ሁለቱ በየኮፒው አፍ ለአፍ ገጥመው ቁጭ ብለዋል፤ በተከፈተ ቁጥር ይለያያሉ፣ በተዘጋ ቁጥር ይታረቃሉ።

ነገሩን ቀድማ የነቃችው እሷ ናት። መጽሔቱን እየከፈተች እየዘጋች ክፍላችን ድረስ መጣች። «ማነው ይሄን ገጽ የሠራው?»

እርስ በርስ ተያየን።

«ማተሚያ ቤቱ ነው» አልን በአንድ ድምፅ።