ማን ቀሰቀሰው?

ሕፃን ባለበት ቤት ከስርቆት የሚከብድ ወንጀል አለ፤ መቀስቀስ። ሌባ እንኳ ጠበቃ ያቆማል፣ ይግባኝ ይላል። ሕፃን የቀሰቀሰ ሰው ግን የሚፈረድበት በግልምጫ ነው፤ ድምፅ ማሰማት ክልክል ስለሆነ መከላከያ ማቅረብም አይችልም።

ነገሩ ሁሌም በአንድ መንገድ ይሆናል። እናት ልጇን አቅፋ፣ እሹሩሩ እያለች ከግድግዳ ግድግዳ ስትመላለስ ቆይታ፣ ክንዷ ሲዝል የልጁ ዓይን ክድን ይላል። በእግር ጣቷ እየረገጠች ወደ አልጋው ትጠጋለች፣ ትንፋሿን ውጣ ጎንበስ ትላለች፣ ቀስ አድርጋ ታወርደዋለች... ፍጥጥ! ያፈጠጠውም ጣሪያው ላይ አይደለም፤ እሷ ላይ ነው። "ወዴት ልትሄጂ ነበር?" በሚል ዓይን።

ምርመራው ወዲያው ይጀመራል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ያው ባል ነው።

"ስልክህ ነው።"

"ድምፁን አጥፍቼዋለሁ እኮ!"

"ንዝረቱስ?"

ባል ነጻ ከወጣ በሩ ይጠየቃል፤ ማጠፊያው ዘይት ይቀባ ከተባለ ስንት ጊዜው! ቀጥሎ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት፣ ቀጥሎ ውሻው፣ ቀጥሎ በሰላም መንገዱን ይሄድ የነበረ ሞተር ብስክሌት። ተጠያቂ ጨርሶ ሲታጣ በፍራሹ ይላከካል፤ "ቀዝቅዞበት ነው!"

ፍራሹን ነጻ የሚያወጣ ማስረጃ ግን አለ። የጃፓኑ የሪከን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት የ21 ሕፃናትን የልብ ምት ተከታትለው ነበር። የልጁ ልብ መለወጥ የሚጀምረው ጀርባው ፍራሽ ሲነካ ሳይሆን፣ ገላው ካቀፈው ሰው ገላ መላቀቅ ሲጀምር ሆኖ ተገኘ። ገና አየር ላይ እያለ ጉዱን አውቆታል ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ሲጣራ ጥፋተኛዋ ከሳሿ ራሷ ሆነች። (አባትም ሲያስተኛ ያው ነው፤ እሱ ግን ከሳሽ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው።)

ጥፋቱ ችኮላ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚመክሩት የሚያለቅሰውን ልጅ አቅፎ ለ5 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ መራመድ፣ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ደግሞ እንደታቀፉት ቁጭ ብሎ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ማስተኛት ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው! ግን ምንም ሳይነካ 8 ደቂቃ ቁጭ የሚል አዋቂ ከወዴት ይመጣል? ቪዲዮ እየጎረጎርን ግማሽ ቀን የምናቃጥል ሰዎች፣ ሁለት እጃችን የተያዘ ዕለት ደቂቃው ዓመት ይሆንብናል። ደግሞ አራስ ልጅ የሚጀምረው ከቀላሉ እንቅልፍ ነው። ከዓይኑ ቆብ ሥር ብሌኑ ይንከራተታል፣ ከንፈሩ ይጠባል፣ ትንፋሹ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። ይህን አይቶ "ተኛ!" የሚል ሰው ዘሎ እሳት ውስጥ ይገባል። ክንዱን ቀስ አድርጎ አንስቶ መልቀቅ ነው፤ ዱብ ካለ ተኝቷል፤ ከሰበሰበው ግን እያደመጠ ነው።

አወራረዱም የራሱ ጣጣ አለው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሸርተት ካለ ልጁ የወደቀ ይመስለውና ክንዶቹን በርግዶ ይደነግጣል። ኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ኤርንስት ሞሮ እ.ኤ.አ. በ1918 ስለጻፈበት ሞሮ ሪፍሌክስ የሚባለው ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ይጠፋል። እስከዚያው መቀመጫው ይቅደም፣ ጀርባው ይከተል፣ ጭንቅላቱ መጨረሻ ይረፍ።

እሺ፣ አረፈ። አሁን እጅን ማስመለስ ነው። እጅ አንገቱ ሥር ቀርቷል፣ ወገብ በግማሽ ታጥፏል፣ አፍንጫ ደግሞ መብላት የጀመረው ልክ አሁን ነው። በዚህ ሰዓት ሺህ ሠራተኛ የሚያዝ ሥራ አስኪያጅም ሆነ ችሎት የሚያስከብር ዳኛ እኩል ነው፤ አምስት ኪሎ በማይሞላ ሰው ፊት አጎንብሶ ነጻነቱን በጣት በጣት ይለምናል። ትንሿ ጣት ወጣች። ቀለበት ጣት ወጣች። ልጁ "እህ" አለ። ሁለቱም ተመልሰው ገቡ።

ይህን ያየች አክስት ዝም አትልም። "በሆዱ አስተኚው፣ ለጥ ይልልሻል!" ለጥ ማለቱንስ ይላል፤ አደጋውም እሱ ነው። በሆዱ የተኛ ሕፃን በቀላሉ አይነቃም፣ መንቃት በሚያስፈልገው ሰዓትም ጭምር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናት በጀርባቸው ይተኙ የሚል ዘመቻ ጀምራ፣ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ አክስቴ ይቅርታ፣ በጀርባው ነው። ፍራሹም ጠንከር ያለና ለጥ ያለ፣ አልጋው ባዶ፤ ትራስ የለም፣ ልል ብርድ ልብስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። ጥልፍ ትራስና ከልጁ የሚበልጥ ድብ ይዞ የመጣ ጠያቂ "ምነው እንደ እስረኛ!" ብሎ ማዘኑ አይቀርም። ድቡ ሶፋው ላይ ይቀመጥ፤ የአባትየውን ቦታ ስለሚይዝ ቅር የሚለው እሱ ብቻ ነው።

ደግሞ አለ፣ ከእንቅልፉ መሐል የሚያጉረመርም። የሕፃን አንድ ዙር እንቅልፍ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ከዙር ወደ ዙር ሲሻገር ያቃስታል፣ ይንጠራራል፣ አንዳንዴም አጭር ልቅሶ ይሞክራል። ዓይኑ ግን ክድን እንዳለ ነው። እናትና አባት በሩ ላይ እየተጋፉ ገብተው "እኔን! ነቃህ?" ብለው ያነሱታል። አሁን ነቃ። ትንሽ ቆመው ቢያዩት ኖሮ ራሱን ይዞ ወደሚቀጥለው ዙር ይሻገር ይሆን ነበር፤ ፍቅር ግን ቆሞ አያይም።

ይህ ሁሉ ታልፎ አንድ ቀን ይሳካል። ልጁ በጀርባው፣ በገዛ አልጋው ተኝቷል። እጅ በሙሉ ጣቱ ተመልሷል፣ በር ዘይት ተቀብቷል፣ ባል በካልሲ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ አያት ይመጣሉ።

"የታለ የኔ ጌታ?"

"ተኝቷል እማዬ፣ አሁን ገና ነው የተኛው።"

"ይተኛ፣ ይተኛ። ዓይኑን ብቻ አይቼ ልሂድ።"

"የተኛ ልጅ ዓይኑ እንዴት ይታያል እማዬ?"

እማዬ ገብተዋል። ከደቂቃ በኋላ ከክፍሉ ሳቅ፣ ቀጥሎ ልቅሶ ይሰማል። ልጁን ታቅፈው ይወጣሉ፣ ፊታቸው በርቷል።

"ኧረ እኔ አልነካሁትም! ጉንጩን ብቻ ነው። ጠረኔን ለይቶ ራሱ ነቃልኝ!"