ሰኔን ሰኞ ያስገባሁት እኔ አይደለሁም

ከትናንት ወዲያ ማታ አክስቴ ደወለች። የእሷ ሰላምታ ረዥም ስለሆነ ትራሴን አመቻችቼ ነው ስልኩን ያነሳሁት። ያን ቀን ግን ሰላምታ የሚባል ነገር የለም።

«ምን በድዬህ ነው ልጄ፣ ሰኔን ሰኞ ያስገባህብኝ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የበራልኝ። እሷ ቤት፣ ከፍሪጁ ጎን፣ እኔ የሠራሁት የ2018 ካላንደር ተሰቅሏል። ግንቦትን ገልጣ ሰኔን ስታይ 1 ቁጥር ሰኞ ሥር ቁጭ ብላለች። ካላንደሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥፋተኛውም እኔ ነኝ።

«እቴቴ፣ እኔ እኮ አይደለሁም። ቀኑ ነው።»

«ኮምፒውተር ላይ አይደል እንዴ የሠራኸው? ወደ ማክሰኞ ገፋ ብታደርጋት ምን ነበረበት?»

እውነት ለመናገር «ሰኔና ሰኞ» የምትለዋን አባባል እኔም እወዳታለሁ። የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ክፍያውና የጥርስ ሕመሙ ባንድ ሳምንት ሲመጡ ከእሷ ሌላ የሚገልጽ ቃል የለም። ሰኔ ለገበሬው ድሮም ጭንቅ ነው። ክረምቱ ይገባል፣ እርሻው ያጣድፋል፣ ጎተራው ደግሞ ተሟጧል። ሰኞ ያው ሰኞ ነው። ሁለቱ ከገጠሙ ዘመኑ አይቀናም ይባላል። ከተሜውም የራሱ ሰኔ አለው። መሥሪያ ቤቱ በጀት ሊዘጋ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ «በጀት የለም» ሲል የከረመ ሰውዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ 40 ወንበር ይገዛል። ተማሪ ቤት ደግሞ ሰኔ 30 አለች። የዓመቱ ቂም ሁሉ የሚወራረደው ያን ቀን ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለን «ሰኔ 30 እንገናኛለን» ያለኝ ልጅ እስካሁን አልመጣም። እየጠበቅኩት ነው።

ግን ነገሩ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። መስከረም 1 ሐሙስ በዋለ ቁጥር ሰኔ 1 ሰኞ ይውላል። ባሕረ ሐሳብ፣ ያ የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ትደምራለህ፣ 7518 ይመጣል። ለ4 ታካፍለዋለህ፣ ቀሪውን ትተህ 1879 ትይዛለህ። ሁለቱን ትደምርና ለ7 ታካፍላለህ። 3 ይቀርሃል። 1 የቀረ ማክሰኞ ነው፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። ከዚያ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ የወሩ መግቢያ ሁለት ሁለት ቀን እየተራመደ ይሄዳል። መስከረም ሐሙስ፣ ጥቅምት ቅዳሜ፣ ኅዳር ሰኞ እያልክ ሰኔ ላይ ስትደርስ ሰኞን ታገኛታለህ። ይህን ሁሉ ለአክስቴ አስረዳኋት። 2007 ሆኗል፣ 2012 ሆኗል፣ ምንም አልመጣም አልኳት።

«2012 ኮሮና የገባ ጊዜ አይደለም?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

ለመሆኑ እዚህ ውስጥ ምን አስገባኝ? ባለፈው ነሐሴ ነው የጀመረው። ድሮ ካላንደር ከባንክና ከኢንሹራንስ ይለመን ነበር። ዘበኛ የሚያውቅ ሰው ሁለት ይደርሰዋል። አሁን ዘመዶቼ የሰው ፎቅ ማየት ሰልችቷቸዋል። የሚፈልጉት የልጅ ልጆቻቸውን ነው። እና እዚያው የቡናው ሥነ ሥርዓት ላይ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ መቼም ኮምፒውተር ትችላለህ።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር የፈጠረ ሰው አይለፍለት። አናጢ ዘመዳችንን ቁም ሳጥን በነፃ ሥራልን ስንለው ቢያንስ እንጨቱን ገዝተን ነው። ምሳም እናበላዋለን። ኮምፒውተር የሚችል ዘመድ ግን ምሳም እንጨትም የለውም። «ተጭነህ ማውጣት አይደል?» ይሉታል። ሦስት ሌሊት ነው የተጫንኩት! 13 ገጽ በከለር፣ ለስድስት ቤት፣ ከነጥረዛው። ስንት ወጣብህ ያለኝ አንድ ሰው የለም። አንድ!

ዎርድ ውስጥ የተዘጋጀ የካላንደር ሞዴል አለ። ከፈትኩት። 12 ወር ነው። ጳጉሜን የት ላድርጋት? «የ13 ወር ፀጋ» እያልን ያደግን ሰዎች አንድ ወር ተቀንሶብን ዝም አንልም። ትቼው ራሴ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ወደ ጎን ሰባት፣ ወደ ታች አምስት። ከሰኞ እስከ እሑድ። ሁሉም ወር ልክክ ብሎ ገባ። የካቲት ብቻ እምቢ አለ። የካቲት 1 እሑድ ስለሚውል የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለችው አንዲት ቀን ብቻ ናት። ቀጣዮቹ አራት መስመሮች 29 ላይ ያልቃሉ። 30 ቀረች። ለእሷ ብዬ ስድስተኛ መስመር ስጨምር ሠንጠረዡ ወደ ታች ተገፋና መጋቢት ገጽ ላይ ዘሎ ወጣ። ፎቶውን ባሳንስ የልጁ ጭንቅላት ይቆረጣል። ፊደሉን ባሳንስ አክስቴ አይታያትም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የካቲት 30ን ልሰርዛት እጄን ሰንዝሬ ነበር። ማን ያውቅብኛል ብዬ።

በዚያ ላይ የወሮቹ ስም። ዎርድ ኅዳርንም ታኅሣሥንም ነሐሴንም በቀይ አሰመረባቸው። ለእሱ ሁሉም ስሕተት ነው። ይኼኔ የስድስተኛ ክፍል የአማርኛ መምህሬ ትዝ አሉኝ። «ህዳር» ብዬ በሃሌታው ሀ ጽፌ ግማሽ ማርክ ቆረጡብኝ። በብዙኃኑ ነው የሚጻፈው አሉ። እሺ። በሳምንቱ እሳቸው ራሳቸው ሰሌዳው ላይ «ታህሳስ» ብለው ጻፉ። እጄን አወጣሁ። ከክፍል አስወጡኝ። ያቺ ግማሽ ማርክ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። አራተኛ የወጣሁት በእሷ ነው። ካላንደሩ ላይ ኅዳርን በትልቁ፣ በደማቁ፣ በብዙኃኑ ኀ የጻፍኩት ለእሳቸው ነው።

ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ የሚስቱን ልደት ላከልኝ። «7/8» ይላል። አለቀ። ጁላይ 8 ነው? ኦገስት 7? በእኛ ከሆነ መጋቢት 8 ነው ወይስ ሚያዝያ 7? ጠየቅኩት። የአውራ ጣት ምልክት ላከልኝ። ጁላይ 8 ይሁን ብዬ ሐምሌ 1 ላይ ኬክ አስቀመጥኩ። ካልሆነ ከሚስቱ ጋር ይወያዩበት።

ከሁሉ የከፋው ግን የፎቶው ድልድል ነው። 13 ገጽ፣ 13 ፊት። አክስቴ መስከረምን ያዘች፣ ማንም አልተከራከራትም። ጥርን ሙሽሮቹ ወሰዱ። ፋሲካ ያለበትን ሚያዝያን ሁለት ቤተሰብ ተጣላበት። ሁሉም ሲከፋፈል ጋሼ ቀሩ። ጳጉሜ ላይ አስገባኋቸው። ቆንጆ ፎቶ ነበር፣ በነጠላ፣ ፈገግ ብለው። ካላንደሩ ሲታደል ገጹን ቀስ ብለው ገለጡት። ቀኖቹን በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ደግመው ቆጠሩ።

«እኔ የአምስት ቀን ሰው ነኝ?» አሉኝ።

ጳጉሜ እኮ የተባረከች ናት፣ ጠበሏ፣ ዝናቧ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። እስከ ገና ሰላም ሲሉኝ አንገታቸውን ብቻ ነበር የሚነቀንቁት።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ሰኔ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ገጹን አየሁት። ለካ ሰኔ ላይ ያስቀመጥኩት የልጇን ባል ነው። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ከተያዩ ዓመት አልፏቸዋል። ስለ ፎቶው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ትናንት መልሼ ደወልኩላት። «እቴቴ፣ የሚመጣው ዓመት ሰኔ ማክሰኞ ነው የሚገባው» አልኳት።

«ተባረክ! ድሮም አንተ እሺ ባይ ነህ» አለችኝ። እኔ የገፋሁላት መስሏታል። አላረምኳትም።

2019 ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። ለጋሼ አንድ ቀን ተጨምሮላቸዋል። ገና አልነገርኳቸውም።