ለአቃቂ ወንዝ የሚዘጋጅ ኮንሰርት ቦሌ ምን ይሠራል?

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከአዲስ አበባ ሰሜናዊ ኮረብቶች ተነስተው ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። በመንገዳቸው የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካ ክሮም፣ የጋራዥ ዘይትና ላስቲክ ይሸከማሉ። ጭነቱ የሚራገፈው ግን ከከተማው ዳር፣ አቃቂና አካባቢው ባለው ገበሬ ማሳ ላይ ነው። በዚያ ውሃ የበቀለው ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ተመልሶ የከተማው ገበያ ይገባል። ተመራማሪዎች በአፈሩም በአትክልቱም ውስጥ ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። የሚጎድለን ተጨማሪ ጥናት ሳይሆን ውሳኔ የሚያስገድድ ግፊት ነው።

ግፊቱን ለመፍጠር ሙዚቃ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሮክ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ያህል ነው። ጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣ ወዲህ በአማርኛ ሮክ መጫወትና መስማት እንግዳ ነገር አይደለም፤ በየሠፈሩም የሚለማመዱ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ልጆች «ለወንዞቻችን» ብለው ኮንሰርት እናዘጋጅ ሲሉ መጀመሪያ የሚመክራቸው ሰው የሚያቀርብላቸው ሐሳብ የታወቀ ነው፤ ቦሌ አካባቢ አዳራሽ ተከራዩ፣ ስፖንሰር ፈልጉ፣ ትኬት ሽጡ፣ ገቢውን ለአካባቢ ጥበቃ ስጡ። ይህ ምክር በሦስት ነገር የተሳሳተ ነው፤ በቦታው፣ በዓላማውና በሒሳቡ።

ሮክ ሙዚቀኞች ለፖለቲካና ለአካባቢ ጉዳይ መድረክ መውጣት ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1971 ጆርጅ ሃሪሰንና ራቪ ሻንካር ኒውዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለባንግላዴሽ ስደተኞች በአንድ ቀን ሁለት ትርኢት አቀረቡ። ከመግቢያ የተገኘው 243 ሺህ ዶላር ገደማ ለዩኒሴፍ ተላለፈ። ከዚያ እጅግ የሚበልጠው የአልበሙ ገቢ ግን አዘጋጆቹ ከግብር ነጻ የሚያደርጋቸውን ሥርዓት አስቀድመው ስላልጨረሱ በአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ተይዞ ለዓመታት ቆየ። ስደተኛው ሲራብ ገንዘቡ ባንክ ነበር። መድረክ ላይ አንዳች ስህተት አልነበረም፤ የተበላሸው ወረቀቱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የራሳችን ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በዌምብሌይና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ ለእኛ ረሀብ የተዘጋጀ ነበር፤ ገንዘቡም የሰው ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን መድረኩ ረሀቡን የሰማይ ቁጣ አድርጎ አቀረበው። ጦርነቱና የመንግሥት ፖሊሲ ያላቸውን ድርሻ አላነሳም፤ ከማንም ላይ የጠየቀው የተለየ ነገርም አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የግዳጅ ሠፈራውን በይፋ በመቃወሙ ከአገር ተባረረ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ላይቭ ኤይት ሲዘጋጅ አዘጋጆቹ መንገዱን ቀይረው ነበር። ገንዘብ ስጡን አላሉም፤ በስም የታወቁትን የቡድን ስምንት ባለጸጋ አገሮች መሪዎች የድሃ አገሮችን ዕዳ ሰርዙ አሏቸው። መሪዎቹ በዚያው ሳምንት ግሌንኢግልስ ላይ የዕዳ ስረዛውን አጸደቁ፤ ኢትዮጵያም ተጠቃሚ ሆነች። ኮንሰርቱ ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም፤ ከጀርባው የዓመታት ዘመቻ ነበር። ቢሆንም ጥያቄው ማን፣ ምን፣ መቼ የሚለውን የሚመልስ ነበር።

ለአቃቂ ግን ከሁሉም የሚቀርበው የአውስትራሊያው ሚድናይት ኦይል ያደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ባሕር ላይ ነዳጅ ካፈሰሰች በኋላ፣ ባንዱ በቀጣዩ ዓመት አንድ ጭነት መኪና ኒውዮርክ በሚገኘው የመርከቧ ባለቤት የነዳጅ ኩባንያ የኤክሰን ሕንጻ ፊት አቁሞ በምሳ ሰዓት ተጫወተ። አዳራሽ የለ፣ ትኬት የለ። ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል በመስኮት እያየ ሰማ።

ስለዚህ ለአቃቂ የሚዘጋጅ ኮንሰርት አቃቂ ይደረግ። የሚያስፈልገውም በሕግ የሚቆጠር ቀን ያለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሕጉ ደግሞ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይ ነው በሚለው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ይህ መብት ከ20 ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጦ ብዙም የሚጠቀምበት ሳይኖር ቆይቷል።

ከተጠቀሙበት ጥቂቶች የሚገኘው ትምህርት ውድ ነው። አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር ከዓመታት በፊት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ራሱን ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ መከሰስ ያለበት በካዩ እንጂ ተቆጣጣሪው አይደለም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። አቤቱታው «ወንዛችን ተበከለ» የሚል ሮሮ ሆኖ ከቀረበ ዕጣው ያው ነው። አንድ የፍሳሽ ቱቦ፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ የላቦራቶሪ ውጤት ይያዝ። አድራሻውም ይጣራ፤ ወንዙ የአስተዳደር ወሰን አያውቅምና ፋብሪካው አዲስ አበባ ይሁን ሸገር ከተማ አስቀድሞ ሳይታወቅ የተሳሳተ ቢሮ የገባ ደብዳቤ 30ውን ቀን በከንቱ ይበላዋል።

የኮንሰርቱ ገንዘብም ለዚሁ ይዋል፤ ለውሃ ምርመራና ለጠበቃ። ናሙና ቢያንስ ከሦስት ቦታ ይወሰዳል፤ ከቱቦው በላይ፣ ከቱቦው አፍ፣ ከቱቦው በታች ውሃው ከተቀላቀለ በኋላ። ከላይ ያለው ናሙና ከሌለ ባለፋብሪካው «ከላይ የመጣ ነው» ይላል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ለጠቅላላ ክሮም የሚወሰደው ናሙና በአሲድ በታጠበ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይገባና ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች ይደረጋል፤ አለዚያ ብረቱ የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይቀርና ውጤቱ ዝቅ ይላል። የኦርጋኒክ ብክለትን በቢኦዲ (ተሕዋስያን በሚፈጁት ኦክስጅን) ለመለካት የሚወሰደውን ናሙና ደግሞ አሲድ አይነካውም፤ በበረዶ ሣጥን በ4 ዲግሪ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል። በጅሪካን ተቀድቶ ሦስት ቀን ቤት ያደረ ውሃ ማስረጃ አይሆንም። ናሙናውን የላቦራቶሪው ባለሙያ ራሱ ቢወስድ፣ ጠርሙሱ ቢታሸግ፣ ማን ለማን በስንት ሰዓት እንዳስረከበ በፊርማ ቢያዝ ጠበቃው ይመሰግናል። ፍሳሽ የሚለቀቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌሊትና በዓል ቀን ነው፤ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሄዶ ንጹሕ ውሃ መቅዳት ለባለፋብሪካው ምስክር እንደመሆን ነው።

ጥያቄው ፋብሪካው ይዘጋ መሆን የለበትም። ሠራተኛው እዚያው አቃቂ የሚኖር፣ ኮንሰርቱም ላይ የሚመጣ ሰው ነው። የማጣሪያ ጣቢያው በሙሉ ጊዜ ይሥራ፣ የየወሩ የፍሳሽ ውጤት በር ላይ ይለጠፍ ቢባል አዳማጩ ሁሉ ይፈርምበታል።

አሁን ወደ ሜዳው። ዳር አካባቢ ኮንሰርት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚመጣው መብራት ነው፣ የሚጠፋውም የሚዋዥቀውም። መስመሩ ለአፍታ ሲቋረጥ ወይም ቮልቴጁ እጅግ ሲወርድ ዲጂታል ሚክሰር ይጠፋና ራሱን እንደገና ያስነሳል፤ በመሀል ዘፈን አንድ ደቂቃ ጸጥታ ማለት ነው። ሚክሰሩና የመድረኩ ዲጂታል ዕቃ ባለ 2 ኬቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ይቀመጡ። በሦስት ፌዝ መስመር ሲሠራ ኒውትራሉ ከላላ አንዱ ፌዝ ላይ ያለው ዕቃ እስከ 380 ቮልት ሊደርስበት ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አምፕሊፋየር የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ስለዚህ ማንም ምንም ከመሰካቱ በፊት የኒውትራሉ ብሎን ይጥበቅ፣ እያንዳንዱ ፌዝ በቴስተር ይለካ።

ጄኔሬተር ሲከራዩ ከፍታውን የሚያስታውስ አዘጋጅ ጥቂት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ስለሆነ ከ10 በመቶ በላይ ተቀንሶ ይታሰባል፤ ሱሉልታ ቢሆን ከዚህም ይብሳል። 60 ኬቪኤ የሚባለው ጄኔሬተር 48 ኪሎ ዋት ነው፤ ከፍታው ወደ 43 ያወርደዋል፤ ሳይጨናነቅ እንዲሠራ በሦስት አራተኛው ቢጫን 32 ኪሎ ዋት ብቻ ይቀራል። ባስ ጊታርና ድራም በአንድ ላይ ሲመቱ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ጄኔሬተሩ አንሷል ማለት ነው።

ይህን ወጪ በግማሽ የሚቀንሰው ቀላል ውሳኔ ኮንሰርቱን በቀን ማድረግ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ተጀምሮ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ቢያልቅ የመድረክ መብራት አያስፈልግም፤ ጭነቱ 15 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚሆን 30 ኬቪኤ ይበቃል። በሰዓት ወደ 5 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ የድምፅ ፍተሻውን ጨምሮ በ7 ሰዓት 35 ሊትር ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ጠቅላላው ከ95 ኪሎ አይበልጥም። የዋናው መስመር ኃይል በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ መስመሩ የጸና ሠፈር ከተገኘ ጄኔሬተሩ ለመጠባበቂያ ብቻ ይቁም። ሌላም ጥቅም አለው፤ ታዳሚው ታክሲ ሳይጠፋ ቤቱ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሴቶችም ታዳጊዎችም ይመጣሉ።

ጊታሪስቱ ከንፈሩን ወደ ማይኩ ሲያስጠጋ የሚነዝረው የጊታር አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ ከተለያየ ምንጭ ኃይል ሲያገኙና መሬት መስመራቸው ሲለያይ ነው። መድረኩ በሙሉ ከአንድ ማከፋፈያ ይመገብ፤ ማከፋፈያው ራሱ 1 ሜትር ተኩል የሚሆን ዘንግ ተቀብሮለት መሬቱ ውሃ ይጠጣ። ከስፒከር የሚሰማው እዝዝታ እንዲጠፋ ብሎ የመሰኪያውን የመሬት መስመር ጥርስ የሚቆርጥ ቴክኒሻን ካለ ከመድረክ ይውረድ፤ ሰው ይሞታል። ድምፁን ሚክሰሩ ያለበት ቦታ ላይ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል ማሳለፍ አያስፈልግም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ያስቀመጠው ገደብ ይኸው ነው። ባስ እንደሆነ በየአቅጣጫው ይሄዳል፤ ስፒከሮቹ ወደ ወንዙ ዞረው፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ከጀርባ ርቀው ቢሆኑ ይመረጣል።

ቀኑ ያለ ምክር አይመረጥም። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር 14 መካከል ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ከኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ከጥምቀት በኋላ ሁዳዴ እስኪገባ ሌላ ዕድል አለ፤ ረመዳን የት ላይ እንደዋለ ይታይ። መጸዳጃ ለ100 ሰው አንድ ይቆጠር፤ ጉድጓድ ከተቆፈረ ከወንዙ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የታሸገ ውሃ አይሸጥ፤ 1,000 ሰው ሁለት ሁለት ጠርሙስ ቢጠጣ 2,000 ፕላስቲክ ራሱ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ባለ 20 ሊትር ውሃና የራስ ኩባያ ይበቃል።

ገንዘቡን የሠፈሩ እድር ይያዘው። እድር ድንኳንና ወንበር አለው፣ የገቢ ደረሰኝ መቁረጥ ያውቃል፣ አባሉም ዳኛውን በስም ጠርቶ ይጠይቀዋል። ትኬት ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ ክፍያው በቴሌብር ወደ አንድ ሒሳብ ይግባ፤ በር ላይ የተቀደደው ጉማጅ ምሽቱን ይቆጠር። ነጻ መግቢያ በዝርዝር ካልተያዘ የትኬት ቁጥርና የሰው ብዛት አይገናኙም፤ ሐሜቱም ከዚያ ይጀምራል። አዘጋጁ ተ.እ.ታ. የሚከፍል ድርጅት ከሆነ ከ300 ብር ትኬት 39 ብሩ የመንግሥት መሆኑ አስቀድሞ ይታሰብ። ባንዱ በነጻ ቢጫወትም ሹፌሩ፣ ጫኙና የድምፅ ባለሙያው ይከፈላቸው። ወጪው ከገቢው 40 በመቶ ካለፈ ደግሞ ትኬቱ ይቅር፣ መግቢያው ፊርማ ይሁን። ዳር አካባቢ የሚደረግ ኮንሰርት ብዙ ብር አያመጣም፤ የሚያመጣው ሰው ነው።

ለወረዳውና ለፖሊስ የሚገባው ደብዳቤ ዝግጅቱ ላይ ንግግርና ፊርማ ማሰባሰብ እንዳለ በግልጽ ይጻፍበት። የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ ስብሰባ አዋጁ የሚጠይቀው የ48 ሰዓት ማስታወቂያ ነው፤ ለመድረክና ለድምፅ የሚያስፈልገው ንግግር ግን ከሳምንታት በፊት ይጀመር። ሙዚቃ ብቻ ነው ተብሎ ተፈቅዶ ማይክ ላይ ሌላ ነገር ሲሰማ መብራት የሚያጠፋው ጄኔሬተሩ አይሆንም።

ፖስተሩ ላይ ሁለት ቀን ይታተም። በመጀመሪያው ኮንሰርት ዋዜማ አቤቱታው ከላቦራቶሪ ውጤቱ ጋር ለመሥሪያ ቤቱ ገብቶ የመዝገብ ቁጥር ይወሰድ፤ ቁጥሩ መድረክ ላይ ይነበብ። ሁለተኛው ኮንሰርት 30ው ቀን ካለቀ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ እሑድ፣ እዚያው ሜዳ ላይ ይሁን። ውሳኔ ተሰጥቶ ከሆነ ውሳኔው ይነበባል፤ ካልተሰጠ ደግሞ ጠበቃው መድረክ ላይ ወጥቶ ክሱ በ60ው ቀን ውስጥ መቼና የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚከፈት ይናገራል።