የበርሜል ልጅን ውሃ ቁጠባ ሲያስተምሯት

ዛሬ ጠዋት ፀጉሬ በሻምፖ እንደተለወሰ አንዷ የሻወሩን በር አንኳኳች። «አምስት ደቂቃሽ እኮ አልፏል» አለችኝ፣ በትህትና። እዚህ ቤት ሁሉም ነገር በትህትና ነው። ሻወሩ ግድግዳ ላይ ትንሽዬ የአሸዋ ሰዓት ተለጥፋለች። አሸዋው ወርዶ ሲያልቅ ውሃውን መዝጋት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተፈታ ሹሩባ በአምስት ደቂቃ አጥቦ የሚወጣ ሰው ካለ እስቲ ይንገረኝ። እኔ በአምስት ደቂቃ ገና ማርጠብ አልጨርስም።

ነገሩን ከስሩ ላውራችሁ።

አሜሪካ የገባሁት ዘንድሮ ነው፣ ፍሬሽማን ነኝ። የዩኒቨርሲቲው ስም ይቅር፤ ስኮላርሺፕ ላይ ነኝ፣ እንጀራዬን አልዘጋም። እኛ ጋ ፍሬሽ ሁሉ ግቢ ውስጥ መኖር ግዴታው ነው። ገና አዲስ አበባ እያለሁ የዶርም መምረጫ ፎርም ላኩልኝ። ተራ ዶርም አለ። «ጭብጥ» ያለው ደግሞ አለ፣ ሪዚደንሻል ኮሌጅ ይሉታል። አንዱ ሕንፃ የሙዚቃ ነው፣ አንዱ የቋንቋ፣ አንዱ የሥራ ፈጠራ፣ አንዱ የአካባቢ ጥበቃ። አብሮ መኖር ብቻ አይደለም፤ አብሮ መብላት፣ አብሮ አንድ ኮርስ መውሰድ፣ አብሮ መሰብሰብ አለበት። በተለይ መሰብሰብ።

የአካባቢ ጥበቃውን መረጥኩ። ለምን እንደሆነ እውነቱን ልናገር? «ኩሽና አለው» ይላል። አለቀ። ሽሮ መስሪያ ካገኘሁ ሌላው ትርፍ ነው ብዬ ነው።

ለመግባት ግን 250 ቃል ጻፊ አሉኝ። «ከተፈጥሮ ጋር ያለሽን ግንኙነት ግለጪ።» እኔ ምን ግንኙነት አለኝ? የተወለድኩት ኮብልስቶን ላይ ነው። አሰብኩ አሰብኩና አረንጓዴ አሻራን አመጣሁ። በ2011 ሐምሌ፣ የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ችግኝ ተክያለሁ። የሄድነው ዳቦና ለስላሳ ይሰጣል ስለተባለ ነው። እሱን አልጻፍኩትም። ድርሰቴን በጣም ወደዱት። አሁን ሳስበው ችግሬ የጀመረው ያን ቀን ነው።

ስገባ የመጀመሪያው ሳምንት ስልጠና ነበር። ቆሻሻ አጣጣል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ሦስት ቅርጫት አለ፤ አንዱ የሚበሰብስ፣ አንዱ ተመልሶ የሚሠራ፣ አንዱ የሚጣል። የላስቲክ ጠርሙስ እንዴት ሁለተኛ ሕይወት እንደሚያገኝ ስላይድ አሳዩኝ። ለኔ! ሃይላንድ ጠርሙስ ዘይት ሲይዝ፣ ጋዝ ሲይዝ፣ ጠላ ሲይዝ፣ መጨረሻ ላይ አንገቱ ተቆርጦ ጤና አዳም ሲተከልበት እያየሁ ላደግኩት። እኛ ሰፈር ቆራሌው በጠዋት እየጮኸ መጥቶ ሳይወስደው የሚጣል ነገር የለም። ያረጀ ልብስ በልዋጭ ሳፋ ይሆናል። እኛ ይሄን ድህነት ነበር የምንለው። ለካ ጭብጥ ነው።

ወደ ሻወሩ ልመለስ፣ ሆዴ እሱ ላይ ነው የሚቃጠለው። በፈረንጆቹ 1992 የወጣ ሕግ አላቸው፤ እዚህ አገር አንድ የሻወር ራስ በደቂቃ ከ9.5 ሊትር በላይ ማፍሰስ አይፈቀድለትም። ጥሩ። እስከ ጫፉ ከፈሰሰ በአምስት ደቂቃ 47 ሊትር ግድም ማለት ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሞልቶ ሰባት ሊትር ይተርፋል። ይሄ ነው እንግዲህ የነሱ መስዋዕትነት። እናቴ በሁለት ጄሪካን አምስት ሰው አጥባ፣ በእጣቢው ካልሲ ዘፍዝፋ፣ የቀረውን ግቢው አቧራ ላይ ትረጫለች። እኛ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጎረቤት «ውሃ መጣች!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ብድግ ነው። በርሜል፣ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ድስት፣ የተገኘው ይሞላል። ሮቶ ያላቸው ይተኛሉ፣ እኛ እንንጋጋለን። ፀጉሬን እናቴ በጆግ እየቀዳች ግማሽ ባልዲ ውስጥ ነበር የምታጥበኝ። እንግዲህ አሜሪካ ስመጣ አንድ ነገር ነበር የቋመጥኩት። ቧንቧ ከፍቶ መቆም። ዝም ብሎ መቆም።

እሱን ነው የከለከሉኝ።

ለእናቴ ስነግራት አልገባትም። «ውሃ ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። የለም፣ ሞልቷል። «ታዲያ ታጠቢ እንጂ!»

አሁን ደግሞ ስለ ነጥብ ስሙኝ። በሴሚስተር 12 ነጥብ መሙላት አለብን። ነጥቡ ያልሞላለት የሚቀጥለው ዓመት የዶርም ዕጣ ላይ መጨረሻ ነው የሚመርጠው። ዋናው ነጥብ የሚገኘው ማክሰኞ ማታ የጋራ እራት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ማታ ሥራ ላይ ነኝ። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ትምህርት ባለበት ጊዜ መሥራት የሚችለው ግቢ ውስጥ፣ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ያገኘሁት ሥራ የመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሳህን ማጠብ ነው። ፈረቃዬ ይቀየርልኝ ብዬ ሁለቴ ጠየቅኩ፤ አልሆነም። ስለዚህ እነሱ ላይ ቤት ስለ ምግብ ብክነት ሲወያዩ፣ እኔ ታች ምግባቸውን ከሳህን ላይ እጠርጋለሁ።

ምን እንደሚመጣ ባያችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የተገመጠ ፒዛ። ያልተነካ ፓስታ። በወንበራቸው ልክ የተቆለለ ሰላጣ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ አልታዘዝ ይለኝ ነበር። ምግብ መጣል ጡር አለው እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ የወደቀ ቁራሽ እንጀራ አንስተን ስመን ከፍ ያለ ቦታ እናስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን በአሸዋ ሰዓት የምታባርረኝን ልጅ ግማሽ ሳህን ሩዝ ስትመልስ አገኘኋትና «አትበይውም?» አልኳት። «ኮምፖስት ነው የሚሆነው፣ አይባክንም» አለችኝ። በንጹህ ልብ ነው ያለችው። አያችሁ? ቅርጫቱ አረንጓዴ ስለሆነ ኃጢአቱ ተሰረየ። የኔ ውሃ ግን ወደ ቱቦ ስለሚወርድ ወንጀል ነው።

ይሄን ሪዚደንሻል ኮሌጅ የሚሉትን ነገር ማን ጀመረው ብዬ አንድ ሌሊት ስጎረጉር አደርኩ። ዘሩ የእንግሊዞቹ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ነው። ኤድዋርድ ሃርክነስ የሚባል ባለጸጋ ገንዘቡን አፍስሶ በፈረንጆቹ 1930 ሃርቫርድ ላይ፣ በ1933 ዬል ላይ አስከፈተላቸው። ከነሱ በፊት ግን በ1927 አሌክሳንደር ሚክልጆን የሚባል ሰው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪውን መኝታና የአስተማሪውን ቢሮ አንድ ሕንፃ ውስጥ አድርጎ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ስለ ጥንታዊቷ አቴንስ አስጠናቸው። ኮሌጁ በ1932 ተዘጋ። አምስት ዓመት ቆይቷል። እኔ ሁለተኛ ሴሚስተሬ ነው።

አንዷ ጓደኛዬ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ነው የደረሳት፣ ስምንት ሆነው ተደራራቢ አልጋ ላይ። የኔን ብሶት ስትሰማ በሳቅ ሞተች። «የናንተ ዶርም ጭብጥ ምንድን ነው?» ብላት «ሽሮ» አለችኝ። ቀጥላ «ቅዳሜ ደግሞ ትኋን» አለች።

ኩሽናውማ… ያ የመጣሁበት ኩሽና። ጥቅምት ላይ አንድ እሁድ ቡና ልቁላ ብዬ ገባሁ። ብረት ምጣዱ ገና መጨስ ሲጀምር ጣሪያው ላይ ያለው ነገር ጮኸ። ሕንፃው በሙሉ ጮኸ። ስድሳ ምናምን ሰው በፒጃማ ብርድ ላይ ወጣ። የእሳት አደጋ መኪና መጣ። አንድ ቁመቱ በር የሚያክል ሰውዬ መጥረቢያ ይዞ ገብቶ ምጣዴን አየ፣ እኔን አየኝ፣ «ደስ የሚል ሽታ ነው» ብሎ ወጣ። ነገሩ የገባው ለእሱ ብቻ ነው። እኔ ሁለት ነጥብ ተቀነሰብኝ። ዕጣን እንዳለኝ አልነገርኳቸውም። ሻንጣዬ ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ አሽትቼ እመልሰዋለሁ።

ሰዎቹ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። አይደሉም። ረቡዕና ዓርብ ስጾም አይተው ቪጋን ነሽ ብለው አጨበጨቡልኝ። ጾም ነው ስላቸው የባሰ አጨበጨቡ። ታምሜ ስተኛም በሬ ላይ የምስር ሾርባ አስቀምጠው ሄደዋል፣ በሚታጠብ ዕቃ።

እንግዲህ ባለፈው ወር የፎቁ ኃላፊ ልጅ ጠራችኝ። አር ኤ ይሏታል፤ አገር ቤት ፕሮክተር የምንላት ዓይነት ናት። ነጥቤ አንሷል። ግን መላ አላት። «ስለ ውሃ እጥረት ለምን ገለጻ አትሰጪም? አንቺ እኮ ባለሙያ ነሽ። ሦስት ነጥብ አለው።» ልናደድ ወይስ ልሳቅ እያልኩ ሳለ አፌ እሺ አለ። የዶርም ዕጣ ነዋ።

እናቴን የበርሜሉን ፎቶ ላኪልኝ አልኳት። «ገመናችንን ነው ለፈረንጅ የምታሳዪው?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። በሦስተኛው ቀን በቴሌግራም ላከችው። በርሜሉ ያበራል። ዝገቱ ተፈግፍጓል፣ ክዳኑ ላይ የዳንቴል ጨርቅ ተነጥፎበታል። ታናሽ እህቴ ናት የነገረችኝ፤ ውሃ የመጣች ሌሊት እናቴ ሁለት ባልዲ ሙሉ አፍስሳ ነው በርሜሉን ያጠበችው። ፎቶ ላይ እንዳያሳፍረን።

ገለጻውን ሰጠሁ። ዳንቴሉን በጣም ወደዱት። አንዱ እጁን አውጥቶ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው ወይ አለኝ። ሌላዋ የት ይገዛል አለችኝ።

ሦስቱን ነጥብ አግኝቻለሁ። አንድ ይቀረኛል።