ኩንታሉ ይቅደም ወይስ ዘሩ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «የስንዴ ዝርያ የሚያወጡ ተመራማሪዎች ከሁሉም በፊት ማየት ያለባቸው በሄክታር የሚገኘውን ኩንታል ነው።»

ደጋፊ፦ ያደግኩት አርሲ ነው። አባቴ የሚዘራው ስንዴ ረጅም ነበር። መስከረም ላይ ዝናብና ነፋስ ሲገናኙ ይጋሽባል። እናቴ ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ ዛላውን በእጇ ስታነሳ አሁንም ይታየኛል። ማዳበሪያ ሲጨመርማ ይብስበታል፤ አገዳው ይረዝምና ይወድቃል። ይህን የፈታው ማዳቀል ነው። አሜሪካዊው የስንዴ ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ አጭሩን የጃፓን ስንዴ፣ ኖሪን 10ን፣ ከሜክሲኮ ስንዴ ጋር አዳቀለ። አገዳው አጠረ፣ ጠነከረ፣ ጉልበቱ ወደ ፍሬው ሄደ። በዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። እኛ ጋ የደረሱት ኩብሳና ገለማ የተባሉት የስንዴ ዝርያዎችም የመጡት ከዚያው ከሜክሲኮ ነው። ሕዝቡ እየበዛ፣ መሬቱ እየጠበበ፣ ከኩንታል በፊት ምን ይቀድማል?

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ኩብሳን ራስህ አነሳኸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ሲመጣ ምን ሆነ? ማሳ ውስጥ ትገባለህ፣ ስትወጣ ሱሪህ እስከ ጉልበትህ ቢጫ ዱቄት ለብሷል። ቅጠሉ ላይ እንደ መስመር የተሰፋ ቢጫ ነጠብጣብ ነው። ርጭት ያልደረሰለት ገበሬ ያጨደው ገለባ ነው። ከዚያ ዲገሉ የተባለው ዝርያ መጣ፣ ቢጫውን ተቋቋመ፣ ሁሉም ዘራው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ባሌና አርሲ ላይ የግንድ ዋግ ጣለው። ዋግ በነፋስ ይሄዳል፣ ጠባዩንም ይቀያይራል። አገር በሙሉ አንድ ዓይነት ስንዴ ከዘራ አንዱ በር ሲከፈት ሁሉም ቤት ይዘረፋል።

ደጋፊ፦ 2010 ከባድ ነበር፣ አልክድሽም። ግን ያንን የመለሰውም አዳቃዩ ነው። ዳንደአና ካካባ የተባሉት ዝርያዎች በዚያው ዓመት ተለቀቁ፤ በበጋ በመስኖ ጭምር ተባዝተው ለገበሬው ደረሱ። ጥፋቱ ሁላችንም አንድ ዘር ላይ መከመራችን ነው እንጂ ኩንታል መፈለጋችን አይደለም።

ተቃዋሚ፦ ሁሉም አንድ ዘር ላይ የሚከመረው እኮ ኩንታል ብቻ ስለሚታይ ነው! አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው ለምን ይመስልሃል? ያንተ አባት ዓይነት ስንዴ እንዳይጠፋ ነው። አማራ ክልል ገረገራና ትግራይ ሀገረ ሰላም ላይ ገበሬዎች 400 ዓይነት የማካሮኒ ስንዴ በየመደቡ እየዞሩ ራሳቸው ነጥብ ሰጥተዋል። ቶሎ መድረሱን አዩ፣ ዛላውን አዩ፣ የግንዱን ብዛት ቆጠሩ። ከተሻሻሉት የበለጡ ነባር ዘሮችም ተገኙ። ገለባውስ? አጭር ስንዴ የዘራ ሰው በሬው ክረምቱን ምን ይበላል? ይህ በኩንታል አይመዘንም፤ በሬ ያለው ግን ያውቀዋል። እስቲ ንገረኝ፣ አባትህ ስንት ዓይነት ስንዴ ይዘራ ነበር? አሁንስ?

ደጋፊ፦ አልዋሽሽም። ያኔ ሦስት፣ አሁን አንድ። ግን እኔና እህቶቼ የተማርነው በዚያ በአንዱ ነው። ሁለተኛ ዘር ጨምሩ ካልሽ እሺ፣ እጨምራለሁ። ኩንታሌን የማይቀንስብኝ ይሁን እንጂ።