ይድረስ ለአይነኬው አፐርከት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ምን ይሆናሉ፤ በድብድብ ቪዲዮ ጌም ከታች ወደ ላይ የሚሰነዘሩ፣ ሲነሱም ለቅጽበት ምንም ምት የማያገኝዎት ቡጢ ነዎትና እርስዎን የሚነካ የለ! እኔ ግን ትናንት ማታ ክፉኛ ስለተነካሁ ይህችን ጻፍኩ።

የመጨረሻው ዙር ነበር። የተጋጣሚዬ ሕይወት ክር አክላለች፤ ቢያስነጥሱበት ይሞታል። ጠልፌ ጣልኩት። አጠገቡ ቆሜ፣ ጊዜዬን ለክቼ፣ ልክ ሲነሳ የምታገኘውን እርግጫ ለቀቅኩ። እግሬ አገጩ ውስጥ ገባ። ውስጥ ነው ያልኩት! ጫማዬ በማጅራቱ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎ ግን ቀድመው ደርሰዋል። እግሬ በጭስ ውስጥ እንዳለፈ አለፈ፤ ቡጢው ከታች መጣ፤ እኔም ሰማይ ለሰማይ ሄድኩ። ኬኦ፤ ተዘረርኩ።

ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ይሮጣል። 6 ፍሬም ቢቆዩልን የሰከንድ አንድ አሥረኛ መሆንዎ ነው። በዚህች ቅጽበት ያን ሁሉ "ተጋጣሚ በመፈለግ ላይ" እያየሁ የተጎለትኩበት ማታ ገደል ገባ።

ቆይ፣ አንቱታው ይቅር። ሰውዬው ወድቋል! እንቅስቃሴውን ያነበብኩት እኔ፣ የጣልኩት እኔ፣ የጠበቅኩት እኔ። እሱ ምን ሠራ? መሬት ላይ ተኝቶ ወደፊት፣ ታች፣ ሰያፍ፣ ቡጢ እያለ አዝራሩን ቀጠቀጠ። አላሰበም! አንተም ላላሰበ ሰው ዘብ ትቆማለህ። አታፍርም?

"ተከላከልና አየር ላይ ሲቀር ቅጣው" ይላሉ አዋቂዎች። እሺ ብዬ በመልሱ ግጥሚያ ተከላከልኩ። እሱ ሆዬ ተነስቶ፣ ቀረብ ብሎ፣ ይዞ ወረወረኝ። ያን ጊዜ የት ነበርክ? ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

ወደ አንቱታው ልመለስ። በፈረንጆቹ 1991 ከወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ጀምሮ በተፋላሚዎቹ በሪዩና በኬን ክንድ ላይ ሲኖሩ ችለናል። በስትሪት ፋይተር 6 እንኳ ሙሉ አይነኬነትዎ ከ6ቱ የድራይቭ (የኃይል መለኪያ) ሳጥኖች 2ቱን ያስከፍላል፤ ታሪፍ መኖሩ ደግ ነው። በሌላው የድብድብ ጨዋታ በስማሽ ብሮስ ሞቶ ተመልሶ፣ ለጥቂት ጊዜ የማይነካ ሆኖ ብልጭ ድርግም እያለ የሚያሳድደኝን ዘመድዎን ሰላም በሉልኝ።

አንድ ቅሬታ ብቻ ቀረችኝ። ዛሬ እኔም ወድቄ ጠርቼዎት ነበር። ወደፊት፣ ታች፣ ሰያፍ፣ ቡጢ። የወጣው ግን ሃዶከን፣ ተወርዋሪው የኃይል ኳስ።

አክባሪዎ፣
ገና ያልተነሳው